ከምጣዱ ወደ ኋላ፦ በቱሉ ዲምቱ የ5ኛ ክፍል ልጆች ጉልበትን የተማሩበት መንገድ

ኅዳር 2018 ዓ.ም፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። 50 የሚጠጉ የ5ኛ ክፍል ልጆች ሰሌዳው ላይ የጻፍኩላቸውን በአንድ ድምፅ ይደግማሉ፦ የሙቀት ጉልበት፣ የብርሃን ጉልበት፣ የድምፅ ጉልበት፣ የኤሌክትሪክ ጉልበት፣ የኬሚካል ጉልበት፣ የእንቅስቃሴ ጉልበት። አንድም የሳተ የለም። ያኔ ወረቀት ባድላቸው ሁሉም አስር ከአስር ይደፍኑ ነበር። ደስ ብሎኝ ወደሚቀጥለው ርዕስ ልሻገር ስል ጣሪያው ላይ ያለው አምፖል ድርግም አለ።

"አሁን እዚህ ክፍል ውስጥ ምን ምን ዓይነት ጉልበት አለ?" አልኳቸው።

"ምንም!" አለ ክፍሉ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ደግሞ ያልገባኝ መስሎት አስረዳኝ፦ "ቲቸር፣ መብራት ጠፋ እኮ።"

ፀሐይ በምሥራቁ መስኮት ገብታ ግማሹን ክፍል አጥለቅልቃዋለች። የልጆቹ ጩኸት ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጠዋል። ጠዋት በትምህርት ቤቱ የተመገቡት ቁርስ ሆዳቸው ውስጥ እየተፈጨ ነው። የስድስቱ ጉልበቶች ስም ከአፋቸው ሳይወርድ፣ አንድ አምፖል ስለጠፋ ብቻ ክፍላችን ባዶ ሆነ። ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ምን እንደሞከርን፣ ምን እንደተሳካና ምን እንዳልተሳካ እዚህ ላይ አሰፍራለሁ። የምጽፈው እንደ እኔ ልጅ በበዛበት ክፍል ያለ ቤተ ሙከራ ለሚያስተምሩ ባልደረቦቼ፣ ማታ ማታም ልጆቻቸውን ለሚያስጠኑ ወላጆች ነው።

ቦታው

ትምህርት ቤቱ ያለው በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። ስሙ በአፋን ኦሮሞ "ቀይ ኮረብታ" ማለት ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ባለ አራት ፎቅ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ተደርድረዋል፤ ከአጥሩ ጀርባ ደግሞ በዚያ ወር ጤፍ ይታጨድ ነበር። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድም የሚነሳው ከዚሁ ነው። ልጆቹ ጠዋት ሲመጡ በከፍተኛ ቮልቴጅ ምሰሶ ሥር ያልፋሉ፣ አህያና ባጃጅ ይጋፋሉ፣ አሸዋ የጫነ ገልባጭ ሲመጣ ጥግ ይይዛሉ። አንዳንዱ ቤቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፤ የአንዳንዱ እናት በከሰል ታበስላለች፤ ከማሳው ማዶ የሚመጡት ቤት ኩበትና ጭራሮ ይነዳል። ስለ ጉልበት ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ሰፈር አላውቅም። እኔ ግን ለዓመታት ሰሌዳው ላይ ስድስት ቃል ጽፌ አልፌያለሁ።

ያሰናከለን ቃሉ ነበር

ማታ ቤቴ ሆኜ "ምንም!" ያሉበትን ምክንያት ሳሰላስል፣ ጥፋቱ የልጆቹ እንዳልሆነ ገባኝ። በአማርኛችን "መብራት" ብርሃንም ነው፣ ኤሌክትሪክም ነው። መብራት ጠፋ፣ መብራት መጣ፣ መብራት ቆጠረብን፣ መብራት ያዘው እንላለን። ልጁ ከቤቱ ይዞት በመጣው ቋንቋ ምጣድ የሚሠራው "በመብራት" ነው፤ ስልክ የሚሞላውም "በመብራት" ነው። እኔ ክፍል ገብቼ "የብርሃን ጉልበት" እና "የኤሌክትሪክ ጉልበት" ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ስለው ቃሎቹን ያጠናል፤ ነገሩ ግን ውስጡ አልተለያየም።

"ጉልበት" የሚለውም ቢሆን ቀላል አይደለም። ፊት ለፊት የሚቀመጥ አንድ ልጅ "ጉልበት የት አለ?" ስለው ያለማመንታት ጉልበቱን፣ ሎሚውን ጭምር፣ ይዞ አሳየኝ። ሌላው ክንዱን ወጠረ። መጽሐፉ "ጉልበት" ይላል፣ ዜናው "የኤሌክትሪክ ኃይል" ይላል፣ የሚኒስቴሩ ስም ላይ ደግሞ "ኢነርጂ" አለ። ትልቅ ሰው እነዚህን ሦስቱን እንደየቦታቸው ይረዳቸዋል። የ11 ዓመት ልጅ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉታል፤ እሱ ደግሞ አራተኛ አለው፣ የእግሩ ጉልበት።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ሙከራ ሳንሠራ በቃል ላይ ብቻ አሳለፍነው። ሕጉ አንድ ነው፦ ክፍል ውስጥ "መብራት" ማለት ክልክል ነው። የሚታየውን "ብርሃን"፣ በሽቦ የሚመጣውን "ኤሌክትሪክ" በሉ አልኳቸው። ልጆች ሕግ ማስከበር ይወዳሉ፤ እርስ በርስ ይጠባበቁ ጀመር። እኔንም ሁለት ጊዜ ያዙኝ።

በሦስተኛው ቀን ከማሳው ማዶ የምትመጣ፣ ክፍል ውስጥ ብዙም የማትናገር ልጅ እጇን አወጣች። "እኛ ቤት ሁለት ነው" አለች። የፀሐይዋን "ኢፋ"፣ የአምፖሉን ደግሞ "ኢብሳ" እንላለን፤ የሚጠፋው ኢብሳው ነው፣ ኢፋው ግን አይጠፋም አለችን። እኔ በሦስት ቀን ያላስረዳሁትን የእናቷ ቋንቋ ለይቶ አስቀምጦት ነበር። ከዚያ በኋላ አፋን ኦሮሞ የሚናገሩትን ልጆች በየርዕሱ "በእናንተስ ምን ይባላል?" እያልኩ እጠይቃለሁ። ይህን ለባልደረቦቼ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ዳር ላይ ያለ ክፍል ሁለት ቋንቋ ካለው ሁለት መነጽር አለው።

ከቃል ጣጣ ሳንወጣ አንድ ሌላ ልጨምር። የኬሚካል ጉልበት ላይ ስንደርስ ምሳሌ ስጡኝ ብል "ድንጋይ" ተባለ። መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ለካ የእጅ ባትሪ ውስጥ የሚገባውን "ድንጋይ" ማለታቸው ነው። መልሱ ልክ ነው፤ ግን ሁለት ልጆች በእርግጥም ከመሬት የሚወጣ ድንጋይ መስሏቸው ነበር። ያለቀ ድንጋይ አምጥቼ፣ ጥቁሩን ዱቄት እንዳይነኩ ከሩቅ፣ በመቁረጫ ከፍቼ አሳየኋቸው፦ ውጪው ዚንክ፣ መካከሉ የካርቦን ዘንግ፣ በመካከላቸው ጥቁር ዱቄት። ድንጋዩ ጉልበቱን ያገኘው ከዚንኩና ከዱቄቱ መብላላት ነው። ዚንኩ ተበልቶ ሲሳሳ ድንጋዩ "ያልቃል"። "ያልቃል" የሚለው ቃል ኋላ ጣጣ ያመጣብናል፤ እመለስበታለሁ።

ማእድ ቤቱ

በሁለተኛው ሳምንት ክፍሉን በሦስት ቡድን ከፍዬ በተራ በተራ ወደ መጋቢ እናቶች ማእድ ቤት ወሰድኳቸው። ከትምህርት ቤታችን ሙቀትና እንፋሎት፣ እሳትና ድምፅ ባንድ ላይ የሚገኙት እዚያ ነው፤ ልጆቹ ግን የሚያውቁት በመስኮት ሰሃን ሲቀበሉ ብቻ ነበር። በአንድ በኩል በእንጨት የሚሠራ ምድጃ አለ፣ በሌላው በኩል ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣዶች።

ከእናቶቹ አንዷ "መምህር፣ ልጆቹን ከእሳቱ ራቅ ያድርጉልኝ" ብላ ከሊጡ ወደ ምጣዱ ዞረች። ምጣዱን በማሰሻ አሰሰች፣ አዙራ ጋገረች፣ አክምባሎውን ከደነች። ልጆቹ ዓይን እስኪያወጣ ጠበቁ። የዓይኖቹ ነገር ራሱ አንድ ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል፤ ሊጡ ሲቦካ እርሾው የጤፉን ስኳር በልቶ አየር ይለቃል፣ አየሩ በሙቀት ተንጠራርቶ ሲወጣ ዓይን ይሆናል። ያን ቀን ግን ሌላ ነገር ነበር ልባችንን የወሰደው።

ሁለት እንጀራ ሲቀራት ማጥፊያውን ጫነችው። ቀይዋ መብራት ጠፋች። ከዚያ እንደ ወትሮው ሊጡን ቀድታ አዞረች።

"እማማ፣ አጠፉት እኮ!" አለ አንድ ልጅ።

"አውቃለሁ የኔ ልጅ። ሸክላው ይዞታል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አጥፍቼ ነው የምጋግራቸው፤ ቆጣሪ አይቆጥርብኝም።"

እንጀራው በሰለ፤ ዓይኑም አልጎደለም። ልጆቹ ዝም አሉ። ኤሌክትሪኩ ጠፍቷል፤ ጉልበቱ ግን ሸክላው ውስጥ አለ። ማክሰኞ ዕለት ሰሌዳ ላይ ልነግራቸው ያልቻልኩትን ይህች እናት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረቻቸው። "ሸክላው ይዞታል" የሚለው በክፍላችን እንደ ተረት ሆኖ ቀረ፤ የድንጋዩን ዚንክም፣ የዳቦውን ስንዴም፣ የተጠመዘዘውን ላስቲክም "ይዞታል" ይሉታል። የተጠራቀመ ጉልበት ለሚባለው ከዚህ የሚሻል አማርኛ አላገኘሁም።

ክፍል ስንመለስ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጀርባ ላይ ምጣድ ስለን አንድ ጥያቄ ብቻ ደጋግመን ጠየቅን፦ ይሄስ ከየት መጣ? የእንጀራው ሙቀት ከሸክላው። የሸክላውስ? ሸክላው ውስጥ ከተቀበረው ሽቦ፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይግላል። ኤሌክትሪኩስ? ከሶኬት። እዚህ ላይ ብዙዎቹ ቆሙ። "ከሶኬት" ለልጅ የመጨረሻ መልስ ነው፣ ልክ "ከሱቅ" እንደሚለው። ከሶኬቱ ወደ ቆጣሪው፣ ከቆጣሪው ወደ ምሰሶው ትራንስፎርመር፣ ከትራንስፎርመሩ በየቀኑ ሥሩ ወደሚያልፉበት ትልቁ ምሰሶ ወሰድኳቸው። ከዚያ በኋላ እነሱ ቀደሙኝ። "አባይ!" አሉ።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቆ ገና ሦስት ወር አልሞላውም ነበር፤ 13ቱን ተርባይኖችና 5,150 ሜጋ ዋቱን በቃላቸው ያውቃሉ። ግድቡ ውስጥ ምን እንደሚሆን ግን አያውቁም። ከምናለሽ ተራ ከተበላሸ ማጫወቻ የወጣች ትንሽ ሞተርና ቀይ የኤል.ኢ.ዲ አምፖል ይዤ መጣሁ። በሞተሯ ዘንግ ላይ ክር ጠምጥሜ ሳብ ሳደርገው አምፖሏ ብልጭ አለች። ድንጋይ የለም፣ ሶኬት የለም። ውስጧ ያለው ማግኔትና የመዳብ ጥምጥም ብቻ ነው፤ ጥምጥሙ በማግኔቱ መካከል ሲዞር ኤሌክትሪክ ይፈልቃል። በግድቡ ማግኔቱ ግዙፍ ነው፣ ክሩን የሚስበው ደግሞ ውሃ ነው። የቆቃ ግድብም ከ1952 ዓ.ም ጀምሮ አዋሽን ይዞ የሚሠራው በዚሁ መላ ነው፤ ከእኛ ሰፈር ብዙም የማይርቀው አባ ሳሙኤልም አቃቂ ወንዝ ላይ እንዲሁ። የአዳማዎቹ ማማዎች በውሃ ፈንታ ነፋስ ነው የሚያዞራቸው፤ የረጲው ማመንጫ ደግሞ ቆሻሻ አቃጥሎ በእንፋሎት ያዞራል። ሁሉም ቤት ያለው ያው ማግኔትና ጥምጥም ነው፤ የሚለየው ክር ሳቢው።

"ውሃውስ ወደ ላይ ማን አወጣው?" ብዬ ጠየቅኩ። ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሁለት ቀን ፈጀባቸው፤ አልነገርኳቸውም። በሁለተኛው ቀን "ዝናብ"፣ ከዚያ "ደመና"፣ ከዚያ በስተመጨረሻ አንዲት ልጅ ቀስ ብላ "ፀሐይ?" አለች። የእንጨቱንም ምድጃ በዚሁ መንገድ ወደ ኋላ ተከተልነው፦ እሳቱ ከባሕር ዛፉ፣ ባሕር ዛፉ ቅጠሉ ካገኘው ብርሃን። ሁለቱም ወረቀቶች ጫፋቸው ላይ አንድ ዓይነት ቢጫ ክብ ተሳለባቸው። አንድ ልጅ "ሁሉም ከፀሐይ ነው ማለት ነው?" ሲለኝ አዎ ብዬ ልዘጋው ቃጣኝ። አልዘጋሁትም። በስምጥ ሸለቆው በአሉቶ ላንጋኖ ከምድር ሆድ የሚወጣ ፍል እንፋሎት ተርባይን እንዲያዞር ማመንጫ ተሠርቷል፤ ያ ሙቀት ከፀሐይ የመጣ አይደለም፣ ምድር ስትፈጠር የያዘችውና በውስጧ ያሉ ራዲዮአክቲቭ ማዕድናት የሚለቁት ነው። ልጁ በጣም ደስ አለው፤ የእሱ ጥያቄ ሦስተኛ ወረቀት አስጀመረን።

የካርቶን ሳጥን በአልሙኒየም ወረቀት ሸፍነን በፀሐይ እንቁላል ለመቀቀልም ሞክረን ነበር። ውሃው ለብ አለ እንጂ እንቁላሉ አልበሰለም፤ ነፋሱም ክዳን ያደረግነውን መስታወት ገለበጠብን። ክዳኑን አጥብቆ መግጠምና ሳጥኑን በጭድ መደገፍ ነበረብን። ዘንድሮ አልደገምነውም።

ጀሪካኑ

የትኛው ጉልበት ትልቅ፣ የትኛው ትንሽ እንደሆነ ልጅ በቃል አይገባውም። በእኛ ሰፈር ደግሞ ሁሉም ልጅ ሰውነቱ የሚያውቀው አንድ መለኪያ አለ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ላይኛው ፎቅ አይደርስም። ከክፍሌ ልጆች ብዙዎቹ ከትምህርት በፊት ጀሪካን ተሸክመው ደረጃ ይወጣሉ፤ ታናናሾቹ በሁለት ይዘውት፣ ወይም በግማሽ ሞልተውት።

20 ኪሎ ውሃ መሬት ካለው ቧንቧ 12 ሜትር ያህል ወደ ላይ፣ ወደ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ የሚጠራቀምበት ጉልበት 2,350 ጁል ያህል ነው፤ ጁል የጉልበት መለኪያ ነው። 20 ኪሎ በ9.8 (በመሬት ስበት መጠን)፣ በ12 ማባዛት ነው። ስሌቱን ለልጆቹ አልሠራሁትም፤ ውጤቱን "አንድ ጀሪካን" ብዬ ሰየምኩት፣ ከዚያ ሌላውን ሁሉ በጀሪካን ቆጠርነው።

መጀመሪያ ምጣዱ። ብዙ የቤት ምጣዶች ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባሉ። "ምጣዱ አንድ ጀሪካን ለመብላት ስንት ጊዜ የሚወስድበት ይመስላችኋል?" አልኳቸው። አንድ ሰዓት ተባለ፣ ግማሽ ሰዓት ተባለ፣ ጥርጣሬ ያደረበት አንዱ አምስት ደቂቃ አለ። "አንድ በሉ" አልኳቸው። "አንድ" ብለው ሳይጨርሱ "አለቀ" አልኩ። ከአንድ ሰከንድ ያንሳል። አላመኑኝም። እኔም መጀመሪያ ሳሰላው አላመንኩም ነበር።

ቀጥሎ ሻይ። አንድ ሊትር ውሃ አፍልተን በቴርሞሜትር ለካን። ከ18 ዲግሪ ተነስቶ 93 ላይ ሲደርስ ተንተከተከ፣ ከዚያ አልፎ አልሄደም። ልጆቹ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል አሉ፤ ውሃ በ100 ነው የሚፈላው ተብለው ነበራ። በ100 የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆንን የአየሩ ጫና ቀለል ይላል፣ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ እዚህ ከቆላው ይልቅ ለመብሰል የሚቆይበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ያቺ አንድ ሊትር ለመፍላት የፈለገችው 314,000 ጁል ያህል ነው። በጀሪካን ሲቆጠር 130 ጊዜ ያህል ደረጃ መውጣት ማለት ነው፣ ለአንድ በራድ ሻይ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ እስካሁን አልረሳሁትም። እነዚህ ልጆች ድካም ያውቃሉ፤ ግን ድካማቸው ከሙቀት ጋር ሲነጻጸር ይህን ያህል ትንሽ ነው ብሎ የነገራቸው አልነበረም። አንዳንዶቹ ሲከፋቸው አየሁ። ወዲያው ስኳሩን አወጣሁ። አንድ ግራም ስኳር ሰውነታችን ውስጥ ሲቃጠል 17,000 ጁል ያህል ይሰጣል። ጡንቻችን ከሚበላው ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጠው ከአራት አንድ ገደማ ስለሆነ፣ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ላብ ያስወጣናል። እንዲያም ሆኖ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ 4 ግራም ብንለው፣ ሰባት ጀሪካን ይወጣል፤ የተሸካሚው ክብደት ሳይቆጠር። እሱን ብንጨምር ቁጥሩ ይቀንሳል እንጂ ነገሩ አይለወጥም። ልጆቹ ማንኪያዋን እየተቀባበሉ አዩዋት። "ስኳሩ ይዞታል" አለ አንዱ።

ከወላጆች ቅሬታ የመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ አባት "ልጄ ውሃ ከመሸከም ምጣድ ማጥፋት ይሻላል ይለኛል፣ ምን ብለው ነው ያስተማሩት?" ብለው መጡ። ወረቀቱን አሳየኋቸው። የቆጣሪያቸው አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከ1,500 ጀሪካን በላይ እንደሆነ ስነግራቸው፣ ቁጭ ብለው በራሳቸው ብዕር አባዙት። ከዚያ ያሉት ስለ ውሃው አልነበረም፦ "እንግዲህ ካርድ የምሞላው በከንቱ አይደለም" አሉ። ስሌቱ ለአዋቂም እንደሚያስፈልግ የገባኝ ያኔ ነው።

አለቀ

አሁን ወደ አልተሳካልኝ ነገር ልምጣ። ሁላችንም የምናስተምረው ሕግ አለ፦ ጉልበት አይፈጠርም፣ አይጠፋም፣ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ይለወጣል እንጂ። በአምስተኛው ሳምንት ይህን ስጽፍ፣ ማክሰኞ ዕለት ያስረዳኝ ያው የኋላ ወንበር ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ መብራት ግን ይጠፋል። ኤሌክትሪክ ማለቴ ነው። ካርድም ያልቃል።"

ልክ ነው። ሕጋችን የተጻፈበት "ይጠፋል" የሚለው ግስ እኛ በየቀኑ ለአምፖል፣ ለእሳት፣ ለምጣድ የምንጠቀምበት ነው። በዚያ ላይ ልጁ ቤት ግድግዳው ላይ ቁጥሩ እየቀነሰ ዜሮ የሚገባ ካርድ ቆጣሪ አለ። ድንጋይ ያልቃል፣ ከሰል ያልቃል፣ ካርድ ያልቃል። እኔ ደግሞ ምንም አያልቅም እላለሁ። ከሁለታችን ማንን ይመን?

የሞከርኩት ይህን ነው። "አለቀ" ለሚለው ቃል ሁለት ጥያቄ አስከተልንበት፦ ለማን አለቀ? የትስ ሄደ? ካርዱ ያለቀው ለእኛ ነው፤ ጉልበቱ ወደ ሸክላው፣ ከሸክላው ወደ እንጀራውና ወደ ማእድ ቤቱ አየር፣ ከዚያ በመስኮት ወጥቶ ወደ ሜዳው ሄዷል። ከጋገሩ በኋላ ልጆቹ የማእድ ቤቱን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ሞቅ ይላል። ነገ ጠዋት ግን ቀዝቅዞ ያገኙታል። ጉልበቱ አለ፤ ግን ተበትኗል፣ ማንም ሰብስቦ እንጀራ አይጋግርበትም። ግማሹ ክፍል ይህን የተቀበለኝ ይመስለኛል። ሌላው ግማሽ እኔን ለማስደሰት ነው አዎ ያለው። ይህን ከፊታቸው ማንበብ እችላለሁ። "ጠፋ" የሚለውን ግስ ከሕጉ ላይ አንስቼ "ጉልበት ቦታና መልክ ይቀይራል እንጂ ድምሩ አይጎድልም" እያልኩ ዘንድሮ እየሞከርኩ ነው፤ የትኛው እንደሚሻል ገና በዓመቱ መጨረሻ ነው የማየው።

በስድስተኛው ሳምንት ዓርብ፣ ክፍል ሲለቀቅ፣ አንዲት ልጅ ወደ ኋላ ቀረች። አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፤ በየጠዋቱ የምትሸከመው እሷ ናት።

"ቲቸር፣ እኔ ያወጣሁት ውሃ ልብስ ታጠበበት፣ ከዚያ ተደፋ፣ በቱቦ ወረደ። እኔ የደከምኩት የት ሄደ?"

ጥያቄው ከእኔ የተሻለ ነበር። ጄምስ ጁል የተባለው የእንግሊዛዊ ቢራ ጠማቂ ልጅ፣ ስሙ የጉልበት መለኪያ የሆነው፣ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. የለፋው በዚሁ ጥያቄ ላይ እንደሆነ ነገርኳት። ክብደት ሲወርድ በውሃ ውስጥ መቅዘፊያ እንዲያዞር አድርጎ ውሃው ስንት እንደሚሞቅ ለካ። ያንቺም ውሃ በቱቦው ሲወርድ ይንኳኳል፣ ይናወጣል፣ ታች ደርሶ ሲያርፍ በጥቂቱ ይሞቃል አልኳት። ምን ያህል አለችኝ። አብረን አሰላነው፦ ከ12 ሜትር ለወረደ ውሃ ቢበዛ የአንድ ዲግሪ 3 መቶኛ ነው። የእኛ ቴርሞሜትር አያየውም።

ሰኞ ጠዋት ስትመጣ እናቷ ልብስ ስታጥብ ታች ወርዳ የፍሳሹን ቱቦ ይዛ እንደነበር ነገረችኝ።

"ሞቀሽ?" አልኳት።

"አይታወቅም" አለች። "ግን ይንቀጠቀጣል።"